ሊቀ ካሜራ ደሳለኝና የሁዳዴው ትከሻ

እግዜር ሰውን አንድ ጊዜ ፈጠረና «መልካም ነው» ብሎ አረፈ። ካሜራማን ቢሆን ኖሮ «አልያዘልኝም፣ እንደገና!» ይልና አዳምን መልሶ አፈር ያደርገው ነበር።

ካሜራማን የሚሉት ፍጥረት የሌለበት አገር የለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ይለብሳል፤ በየኪሱ ምን እንዳለ ግን እሱም አያውቅም። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ እሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያልወደቀበት ጉድጓድ፣ ያልደፋው ጋን የለም። ደጋሹ ድግሱ የኔ ነው ይላል፣ ሙሽራው ቀኑ የኔ ነው ይላል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ካሜራማን ካላዘዘ ሙሽራ አይጎራረስም፣ ሽማግሌ አይመርቅም።

የኛው፣ የደብረ ታቦሩ፣ ስሙ ደሳለኝ ነው። እኔ ግን ሊቀ ካሜራ እለዋለሁ። ለካህናት ሊቅ ሲሾም ካሜራ ምን በድላ ትቀራለች?

አንዴ ገሳይ ከተማ ሠርግ ሊቀርጽ ሄደ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደረሰ፤ ሴቶቹ እንደ ወጉ እየዘፈኑ በሩን ያዙ፤ ሚዜዎቹ ተለማመጡ፣ በሩ ተከፈተ፣ ገቡ። ይኼኔ ሊቀ ካሜራ ከአጥር ሥር ብቅ አለና «ፀሐይዋ አጥፍታብኛለች፤ ውጡና እንደገና ግቡ!» አለ። ወጡ። በሩም ተዘጋ። የፊተኛው ለወግ ነበር፤ በሁለተኛው ግን የሙሽራዪቱ አክስት «ቤታችን የዶሮ ማደሪያ መሰላቸው እንዴ፣ የሚገባ የሚወጣበት!» ብላ የምሯን ቀረቀረችው። ሙሽራው በገዛ ሠርጉ ደጅ ጠና፤ ሽማግሌ ተላከ። ደሳለኝ ሽማግሌዎቹንም ቀረጻቸው።

አንዴ ደግሞ ክርስትና ነበር። አባ መዝገቡ ሕፃኑን ነክረው አወጡት። ደሳለኝ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ የካሜራውን ክዳን ሳላነሣ ነው የነከሩት። አንድ ጊዜ መልሰው ቢነክሩልኝ?» አላቸው። አባ ሕፃኑን እንደያዙ ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ ጥምቀት አንዲት ናት» አሉ። «አንተ ከፈለግህ ግን ገንዳው ይበቃሃል።»

አንበሳሜ ከተማ ለቅሶ ላይ ያደረገውንማ ተዉት። ባሏ የሞተባትን ሴት «እትዬ፣ እዚያ ጥላ ነው፣ እንባው አይታይም፤ ወደ ፀሐይ ዞር ብለው ያልቅሱ» አላት። ሴትዮዋ ዞራ አለቀሰች። ኋላ ፊልሙን አይታ «ይኼን ያህል እወደው ኖሯል እንዴ!» አለች አሉ።

የዚህ ሰውዬ ትልቁ በሽታ ግን ሌላ ነው። የቀረጸውን ሆዱ ውስጥ ማሳደር አይችልም። ገበያ ይሁን ባጃጅ ውስጥ፣ ያገኘውን ሰው ክንድ ይዞ «ኑ እዩ! ኑ እዩ!» እያለ ያቺን የካሜራውን ትንሽ መስኮት ያሳያል። የማን ሚስት ከማን ጋር ስቃ እንደተነሣች፣ የማን ልጅ ጠላ ቤት እንደታየ፣ ከተማው የሚያውቀው ከሱ ካሜራ ነው። ከዚያ በፊት ከኔ ነበር የሚያውቀው። ስለዚህ እኔና እሱ በሙያ ዘመድ ነን፤ እኔ በአፌ፣ እሱ በመስታወቱ። ዘመድ ደግሞ እንደምታውቁት አይዋደድም።

በከተማችን አንዲት ትንሽ የውዝዋዜ ቡድን አለች። እሸቴ የሚሉት ቁመተ ሎጋ አለቃዋ ነው፤ ሞላ ከበሮ ይመታል፤ የቀሩት ትከሻ ናቸው። ከትከሻዎቹ ሁሉ ፊታውራሪዋ የልጅ ልጄ ዓይናለም ናት። የኔ ስለሆነች አይደለም፤ ዓይናለም ትከሻዋን ስትሰብቀው ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ እንኳ አንገቱ አብሯት ይሄዳል። ያን ዓመት ደግሞ የታጨች ነበረች። ያጫትም ቃለአብ ነው፣ የአባ መዝገቡ ልጅ፤ ሕፃኑን ዳግመኛ አልነክርም ያሉት አባ መዝገቡ። ቃለአብ ይወዳታል፤ ግን አባቱ ሳይባርኩለት ውሃ የማይጠጣ ልጅ ነው። አባም ውዝዋዜዋን «በጊዜው ሲሆን ምን አለ» ብለው አልፈውታል። በጊዜው ሲሆን። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

እናላችሁ፣ ከባሕር ዳር ሰዎች በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መጥተው ቡድኗን ሊያዩ፣ ካማረቻቸው ለትልቅ በዓል ሊወስዷት ቀጠሩ። «ውዝዋዜውን እዚሁ እናየዋለን። እናንተ ደግሞ ከመድረክ በፊት ያለውን፣ ልምምዳችሁን፣ ድካማችሁን ቀርጻችሁ ጠብቁን» አሏቸው። ደሳለኝ ይኼን ሲሰማ ሰማይ የተከፈተለት መሰለው። «ጭፈራውንማ ማንም ይቀርጸዋል» አለ። «እኔ የምፈልገው ሰው የማያየውን ነው!»

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁዳዴ ገብቷል። በሁዳዴ እንኳን ዘፋኝ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ከበሮዋን አስቀምጣ በመቋሚያ ብቻ ነው የምትዘምር። በሁዳዴ የጨፈረ ሰው ስሙ ከሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። የማደርሰውም እኔ ነኝ።

አንድ ቀን እሸቴ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እማማ ወለቴ፣ ሁለት ወር ያልተነቃነቀ ትከሻ እንጨት ነው የሚሆን። ከበሮ አንመታም፣ አንዘፍንም፣ እልል አንልም። የእህል ቤትዎን ይፍቀዱልንና ትከሻችንን ብቻ እናፍታታ።»

«ከተማው ሙሉ ቤት እያለ የኔን ምን አስመረጠህ?»

«እርስዎ ጾመኛ ነዎት። ማንም አይጠረጥርም።»

«እያሞገስክ ነው እንዴ ከጾሜ የምታወጣኝ!» አልኩት። ፈቀድኩ። እኔ ምን አደረግኩ? በር ነው የከፈትኩ።

ዓይናለም ግን የገባችው ወደ ኋላዋ እያየች ነው። «እማዬ፣ አባ ቢሰሙ'ኮ አበቃልኝ፤ ሁዳዴን የሻረች ምራት ቤቴ አትገባም ነው የሚሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ሊቀ ካሜራን በር ላይ ያዝኩት። «ማል!» አልኩት።

«በማን ልማል እማማ?»

«በካሜራህ!»

አመዱ ቡን አለ። በሌላ ቢሆን ቀልዶ ያልፍ ነበር። ምርር ብሎ በካሜራው ማለልኝ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን በመስኮቷ ቀዳዳ ነው ያየሁት፤ ቤቱ የኔ ነው፣ ቀዳዳውም የኔ። ሞላ ከበሮውን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ መካከል ያስቀምጥና እጁን ከበሮው ላይ ሳያሳርፍ አየሩን ይመታል። ልጆቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ከንፈራቸው ብቻ እየቆጠረ ትከሻቸውን ይጥላሉ፣ ያነሣሉ። ድምፅ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። ከግድግዳው ስንጥቅ የገባችው ፀሐይ ላይ ያሮጌ ገብስ አቧራ ይንሳፈፋል። ያስፈራል እንጂ ጭፈራ አይመስልም።

በርከክ ብለው ግንባራቸው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ወርደው የሚነሡባት አንዲት ስልት አለቻቸው። ደሳለኝ በዚች ስልት አበደ። ከፊት ቀረጻት፤ «እንደገና!» አለ። ከጎን ቀረጻት፤ «እንደገና!» አለ። ከላይ ልያት ብሎ ባዶ ጎታዬ ላይ ወጣ፤ ክዳኑ ተሰብሮ እስከ ወገቡ ሰጠመ። እዚያው ጎታ ውስጥ እንደቆመ ካሜራውን ሳያወርድ «እንደገና!» አለ።

«ደሳለኝ፣ ኧረ ጉልበቴ ሄደ!» አለችው ዓይናለም።

«ጉልበትሽ ይመለሳል፤ ብርሃኑ አይመለስም። እንደገና!»

ያን ጾም ሙሉ ደሳለኝ ጥርሱ ያበጠ ሰው መስሎ ዞረ። ሰው ሲያገኝ እጁ ወደ ካሜራው ይሄዳል፣ መሐላው ትዝ ይለዋል፣ እጁን ይመልሳል። አንድ ቀን ገበያ አገኘሁትና «እንዴት ነህ ሊቀ ካሜራ?» ስለው «እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቀርጾ ለሰው አለማሳየት ከሽሮ ይከብዳል» አለኝ። አሳዘነኝ። እኔም'ኮ አውቄ ዝም ያልኩበት ሁዳዴ ያ ብቻ ነው፤ ሕመሙን አውቀዋለሁ።

ፋሲካ ገባ። በማግስቱ አባ መዝገቡና ባለቤታቸው እንደ አማች ወግ ቤቴ መጡ። አባ ከምግቡም ከመጠጡም በላይ አንድ ነገር ከጅለዋል፤ ደሳለኝ የሆሣዕናን ዑደት ቀርጾ ነበርና መስቀል ይዘው ከፊት ሲሄዱ ራሳቸውን ማየት። «ለኩራት አይደለም» ይላሉ ደጋግመው፤ «ለማስታወሻ ነው።» ስለዚህ ደሳለኝ ተጠርቶ መጣ፤ ከሰደርያው ኪስ ፍላሽ አወጣና ልጄ ካመጣልኝ ቴሌቪዥን ላይ ሰካ።

አንድ የጭቃ ግድግዳ መጣ። «ይኼ የኔን እህል ቤት ይመስላል» ልል አፌን ስከፍት፣ የኔው እህል ቤት ሆነ።

ሰውዬው ሁለት ጥቁር ፍላሽ አለው። ከነዚያ ሁሉ ኪሶች ያወጣው የሆሣዕናውን አይደለም።

ዓይናለም ማንቆርቆሪያ ይዛ ለአባ ጠላ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆው ሞላ፣ ፈሰሰ፣ ጠረጴዛውን አልፎ ምንጣፉ ደረሰ፤ እሷም አላየች፣ አባም አላዩም። እኔ በየቀኑ መብራት ሲጠፋ እራገማለሁ። ያን ዕለት «ጊዮርጊስ አባቴ፣ ዛሬ እንኳ አጥፋልኝ!» ብዬ ተማጠንኩ። መብራቱ እንደ ሰማዕት ጸና።

ደሳለኝ ሊነቅለው ዘሎ ተነሣ። እጁ ፍላሹ ጋ ሲደርስ፣ ዓይናለም በዚያች በስንጥቋ ብርሃን ውስጥ ከመሬት ቀና ስትል መጣች፤ ላቧ በግንባሯ ላይ እንደ ጤዛ፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ነገር አልያዘለትም። እጁ አልታዘዘው አለ። የገዛ ሥራውን ሊያጠፋ ያልቻለ ሞኝ፣ ዘንዶ እንዳየ ሰው ቆሞ ቀረ።

«ተወው!» አሉ አባ።

ከቴሌቪዥኑ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ልጆቹ ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ፤ ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ። ከዚያ የሆነ ቦታ አንድ ድምፅ በሹክሹክታ «እንደገና!» ይላል፤ እነሱም እንደገና ይወርዳሉ።

«በሁዳዴ ነው?» አሉ አባ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«በ... በሁዳዴ ነው አባቴ» አለ ደሳለኝ። በፋሲካ ማግስት ቄስ ፊት እንዴት ይዋሽ?

«ይኼ እንደገና የሚለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ዓይናለም ማንቆርቆሪያውን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። እኔ ደግሞ ቤቴ ውስጥ ወሬ እያለ ምላሴ የደረቀበት የመጀመሪያው ቀን ነው። አባ ወደ ባለቤታቸው አየት አደረጉ፤ ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው።

«እንግዲህ ልጆቹ ስግደት ሲደክማቸው» አሉ አባ ቀስ ብለው፣ «አጠገባቸው ሆነህ የምታበረታው አንተ ኖረሃል?»

ደሳለኝ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እንግዲህ...» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «ማበርታቱንስ አበረታ ነበር።»

«ምራቴ!» ብለው የአባ ባለቤት ብድግ አሉና ዓይናለምን ከነማንቆርቆሪያዋ አቀፏት። «እኔ ዘፋኝ ናት ሲሉኝ! ጉልበቷ እስኪዝል ስትሰግድ! ምነው ደበቃችሁን?»

«የጽድቅ ሥራ በስውር ነው» አሉ አባ፣ የፈሰሰውን ብርጭቆ አንሥተው እየጠጡ። ሠርጉም በግንቦት ይሁን ተባለ፤ ቀኑ እዚያው ተቆረጠ።

እፎይ! ዓይናለም ጓዳ ገብታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። ሞላና እሸቴ ሲነገራቸው «እማማ፣ ይማሉ!» አሉኝ። እኔም በካሜራ ማልኩላቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሊቀ ካሜራን እንደ ወትሮው አምቼው አልፍ ነበር። ግን አባ ሲሄዱ ሊሸኛቸው ወጣ፤ ባለቤታቸው ቀደም ብለው ከዓይናለም ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄደዋል። አባ ከአጥሩ በር ሲደርሱ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ደሳለኝ።»

«አቤት አባቴ።»

«ያ ረጅሙ፣ ያ አለቃቸው፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ይዘገያል። የባሕር ዳር ሰዎች ሳይመጡ ንገረው።»

ሊቀ ካሜራ ቆሞ በነበረበት እግሩ ወለም አለው። «አባቴ! አውቀዋል እንዴ?»

«ልጄ፣ ቄስ ሳልሆን ትከሻ የምሰብቅ የፋርጣ ልጅ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን...»

«ምን ልበል? ከበሮ አልተመታ፣ እልል አልተባለ። ደግሞ በፋሲካ፣ ሙታን በተነሡበት ሰሞን፣ እኔ ሕያዋንን ልቅበር?» ጥቂት ሄዱና ዞሩ። «አሁን ሃምሳው ነው፤ ስግደት የለም። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ ግን ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ይምጡ። ያስመሰሉትን ያደርጉታል። አንተም ከፊት ሆነህ።»

ይኼን ሁሉ ነግሮኝ የአጥሬ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ስቄ ስጨርስ «በል እንግዲህ፣ ያቺን የዓይናለምን ብርሃን መልሰህ አሳየኝ» አልኩት።

«አጠፋሁት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ደነገጥኩ። ይኼ ሰውዬ'ኮ ወደ ኋላ ሲሄድ የቀረጸውን የጫማውን አፍንጫ እንኳ የማያጠፋ ነው! ያን ክዳኑ ያልተነሣበትን ክርስትና፣ ጨለማ ብቻ የሚታይበትን፣ እስካሁን አስቀምጦታል። ሕይወቱን ሙሉ የሚፈልገውን አንዴ አግኝቶ፣ እሱን አጠፋ?

«ምነው ልጄ?» አልኩት። ልጄ ስለው ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

«እማማ» አለኝ፣ ካሜራውን ሰደርያው ውስጥ እየከተተ፣ «አባ አይተው ዝም ካሉ፣ የኔ ካሜራ ማነው ሊናገር?»

በዚያ ሳምንት ሌላ ቀረጸ፤ ከበሮ እየተመታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እልልታ ያለበት። የፊተኛውን አይደርስም፤ ያየን እናውቃለን። ለእሸቴም ስለ ትከሻው «እኔ ነኝ ያየሁት» ብሎ ነገረው፤ እሸቴ ተቆጣ፣ ከዚያ ፊልሙን አየ፣ ከዚያ አቀረቀረ፣ ከዚያ አቃናው። የባሕር ዳር ሰዎች መጥተው ወደዷቸው፤ ወሰዷቸው። ከጰራቅሊጦስ ወዲያም ሰገዱ፤ ደሳለኝ ማንንም ሳያበረታ በገዛ ጉልበቱ ወረደ፣ ተነሣ። ዛሬ የአባ ባለቤትም ነገሩን ሰምተው፣ መጀመሪያ ተቆጥተው፣ ኋላ እስኪያልባቸው ስቀው ጨርሰዋል። ስለዚህ ብነግራችሁ ሐሜት አይደለም።

በሠርጉ ዕለት ሊቀ ካሜራን ከአባ ቀጥሎ አስቀመጥኩት። ወንድሞቼ «ለካሜራማን ነው እንዴ የክብር ወንበር!» ብለው አጉረመረሙ። ደሞ መቼ ተቀመጠ? ምግቡ ቀርቦለት ወደ ኋላ እየሄደ ሙሽሮቹን ሲያሳድድ ዶሮ ወጡ ረጋበት፣ ቅባቱ በላዩ ተጋገረ።

አስተናጋጆቹ ሊያነሱት ሲሉ እጃቸውን መታሁ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ወጡን ይዤ ጓዳ ገባሁና፣ ለባሌ እንኳ አድርጌው የማላውቀውን፣ አሙቄ አመጣሁለት።